በሩን በራስ ላይ ሳይዘጉ የሩቅ ሰርቨርን በትእዛዝ መስመር ማስተዳደር

የሩቅ ሰርቨርን በትእዛዝ መስመር ማስተዳደር የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በሁለት ቦታ ነው። ወይ የደኅንነት ማስተካከያ ሲያደርግ ራሱን ውጭ ቆልፎ ይቀራል፣ ወይ ሥራው ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶበት ሰርቨሩን የተንጠለጠለ ፕሮግራም ይዞ ይተወዋል። ስለዚህ የሚከተሉት ደረጃዎች ቅደም ተከተላቸው ታስቦበታል፤ አንዱን ዘለው ወደ ሌላው አይለፉ። ምሳሌው ኡቡንቱ የተጫነበት፣ አሁን የተከራዩት፣ የአይፒ አድራሻና የሩት (ሁሉ የተፈቀደለት ዋናው ተጠቃሚ) የይለፍ ቃል ብቻ የተሰጠዎት ሰርቨር ነው። አድራሻው 203.0.113.10 ተብሎ የተጻፈው ይህ ቁጥር ለማስተማሪያ ብቻ የተመደበ ስለሆነ ነው፤ በእሱ ፋንታ የራስዎን ያስገቡ። አልማዝ የሚለው የተጠቃሚ ስምም እንዲሁ ምሳሌ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በሚነበቡበት ድምፅ ነው። አጫጭሮቹ ፊደል በፊደል ይነበባሉ፤ ወደ ሩቅ ሰርቨር የሚያስገባው ፕሮግራም ኤስኤስኤች ማለት ኤስ፣ ኤስ፣ ኤች የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው። ረዘም ያሉት እንደ እንግሊዝኛ ቃል ይነበባሉ። ሲተይቡ ሁሉንም በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፉ፤ ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ለይቼ እናገራለሁ።

የቁልፍ ሰሌዳዎ በአማርኛ ላይ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል ሲተይቡ ማያው ላይ ፊደልም ሆነ ኮከብ ስለማይታይ፣ ሰሌዳው አማርኛ ላይ ከሆነ ትክክለኛውን ቃል አሥር ጊዜ ቢያስገቡም ሰርቨሩ ይከለክልዎታል፣ ምክንያቱንም አይነግርዎትም።

ትእዛዝ ከቴሌግራም ወይም ከዎርድ ፋይል ገልብጠው አይለጥፉ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁለት አጫጭር ሰረዞችን ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ፣ ቀጥ ያለውን ጥቅስም ወደ ጠማማ ጥቅስ ሊለውጡ ይችላሉ፤ ለዓይን አንድ ሆነው ሳለ ሰርቨሩ አያውቃቸውም።

በመጨረሻ፣ ሰርቨሩን ያከራየዎት ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ገብተው ኮንሶል የሚባለውን መስኮት ይፈልጉና አንድ ጊዜ ከፍተው ይዩት። ኮንሶሉ በኤስኤስኤች በኩል ሳይሆን በሰርቨሩ ስክሪን ፊት እንደተቀመጡ ሆኖ የሚያስገባ የጓሮ በር ነው። በሩ ከተዘጋብዎት በኋላ መፈለግ ከጀመሩ ልብዎ እየመታ ይሆናል፤ አሁን ይፈልጉት።

1. ለመጀመሪያ ጊዜ መግባት

በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ተርሚናል ይክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ፓወርሼል ይበቃል፤ የኤስኤስኤች ፕሮግራም አብሮት አለ። ከዚያ እንዲህ ይተይቡ፦

ኤስኤስኤች ሩት@203.0.113.10

ሰርቨሩ የጣት አሻራውን (የሚታወቅበትን የፊደልና የቁጥር ምልክት) አሳይቶ ይቀጥሉ እንደሆነ ይጠይቅዎታል። የስ የሚለውን ሙሉውን ቃል መጻፍ አለብዎት፤ ዋይ ብቻ አይቀበልም። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን ያስገቡ።

ካልገባ፣ የስሕተቱን ዓይነት ይለዩ፦

- ኮኔክሽን ታይምድ አውት ካለ መልእክትዎ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም ወይም መልስ አልመጣም። አድራሻው ተሳስቷል፣ ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ ወይም በመሐል ያለ ፋየርዎል (ግንኙነትን የሚፈቅድና የሚከለክል አጥር) ውጦታል።
- ኮኔክሽን ሪፊውዝድ ካለ ማሽኑ ደርሰውታል፣ ነገር ግን በፖርት 22 (የኤስኤስኤች የበር ቁጥር) ላይ የሚሰማ አገልግሎት የለም። አሁን የተነሣ ሰርቨር ከሆነ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሡት።
- ፐርሚሽን ዲናይድ ካለ በሩ አለ፣ ቁልፉ ግን አልገጠመም። ስሙንና የቁልፍ ሰሌዳውን ይመልከቱ።
- የሰርቨሩ አሻራ ተቀይሯል የሚል ረጅም ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ሰርቨሩን ራስዎ እንደገና ጭነውት ከሆነ ብቻ የቀድሞውን አሻራ ያጥፉ፦ ኤስኤስኤች-ኪጄን -አር 203.0.113.10። አር ትልቁ ነው። ምንም ሳይነኩ ከመጣ ግን ያቁሙ፤ አከራዩን ሳይጠይቁ የይለፍ ቃል አያስገቡ።

2. የት እንዳሉ ማወቅ

የራስዎ ኮምፒውተርና ሰርቨሩ ጎን ለጎን ሁለት ጥቁር መስኮት ሆነው ሲቀመጡ መምታታታቸው አይቀርም። ማንኛውንም ነገር ከማጥፋትዎ ወይም ዳግም ከማስነሣትዎ በፊት ሆስትኔም ብለው የማሽኑን ስም፣ ሁአሚ ብለው የተጠቃሚውን ስም፣ ፒደብሊውዲ ብለው የቆሙበትን ፎልደር ይጠይቁ። ኤልኤስ -ኤል በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ይዘረዝራል፤ ሲዲ ወደ ሌላ ፎልደር ይወስዳል። የፋይል ስም ጀምረው ታብ የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑ ተርሚናሉ ቀሪውን ይሞላዋል፤ ካልሞላ ወይ ስሙን ተሳስተዋል፣ ወይ በዚያ የሚጀምር ከአንድ በላይ ስም አለ ማለት ነው፤ ይህ ከሁሉ ርካሹ የስሕተት መከላከያ ነው።

አርኤም ያጠፋው ፋይል ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይሄድም፤ ጠፋ ጠፋ ነው። በተለይ አርኤም -አርኤፍ ሲጽፉ በመንገዱ መካከል ክፍት ቦታ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። /ሰነድ/አሮጌ ማለት አንድ ፎልደር ሲሆን /ሰነድ /አሮጌ ግን ሁለት ነው፤ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። እኔ መንገዱን መጀመሪያ በኤልኤስ እጽፈዋለሁ፤ የማየው ላጠፋው የፈለግሁትን ከሆነ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ተጭኜ ኤልኤስ የሚለውን በአርኤም እተካለሁ።

3. የራስዎን ተጠቃሚ መፍጠር

በሩት ዘወትር መሥራት ያለ ፍሬን መንዳት ነው። በሩት ገብተው ሳሉ፦

አድዩዘር አልማዝ

የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል፤ ጠንካራ ይስጡት። ስም፣ ስልክና የመሳሰሉትን ሲጠይቅ ኢንተር እየተጫኑ ይለፉ። ከዚያ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይስጡት፦

ዩዘርሞድ -ኤጂ ሱዶ አልማዝ

ኤ ትንሹ፣ ጂ ትልቁ ነው። ኤ የምትለዋ ፊደል ጨምር ማለት ናት፤ ከረሷት ተጠቃሚው ቀድሞ ከነበረባቸው ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ይወጣል። አሁን የሩት መስኮቱን ሳይዘጉ በሌላ መስኮት በአልማዝ ስም ይግቡና ሱዶ ሁአሚ ይበሉ፤ ሱዶ ቀጥሎ ያለውን ትእዛዝ በሩት ሥልጣን ያስፈጽማል። መልሱ ሩት ከሆነ ተሳክቷል። ሱዶርስ ውስጥ የለህም የሚል መልስ ከመጣ የዩዘርሞድ ትእዛዙን በሩት መስኮት ይድገሙ፤ አልማዝም ወጥታ ትግባ፤ የቡድን ለውጥ በተከፈተ መስኮት ላይ አይሠራም።

4. ቁልፍ መሥራትና ማስገባት

ይህን በሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያድርጉ፦

ኤስኤስኤች-ኪጄን -ቲ ኢዲ25519

የሚቀመጥበትን ቦታ ሲጠይቅ ኢንተር ይጫኑ። ቀድሞ የሠሩት ቁልፍ ካለና ልተካው ብሎ ከጠየቀ ኖ ይበሉ፤ የተተካ ቁልፍ አይመለስም። ቀጥሎ ለቁልፉ የይለፍ ሐረግ ይጠይቃል፤ ላፕቶፕ ስለሚሰረቅ ባዶ አያድርጉት።

ሁለት ፋይሎች ይፈጠራሉ። በነጥብ ፐብ የሚያልቀው ለሰርቨር የሚሰጠው የአደባባዩ ቁልፍ ሲሆን፣ ቅጥያ የሌለው የግል ቁልፍዎ ነው፤ እሱን ለማንም፣ ሰርቨሩን አስተካክልልኝ ላሉት ባለሙያም ቢሆን አይላኩ። በማክና በሊኑክስ የአደባባዩን ቁልፍ ለማስገባት ይህ ይበቃል፦

ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ አልማዝ@203.0.113.10

በዊንዶውስ ይህ ትእዛዝ የለም። ነጥብ ፐብ የሚለውን ፋይል በኖትፓድ ይክፈቱ፤ ሁለት ጊዜ ጠቅ ካደረጉት ዊንዶውስ የፐብሊሸር ሰነድ መስሎት ሊሳሳት ስለሚችል ከኖትፓድ ውስጥ ሆነው ይክፈቱት። ያለውን አንድ መስመር ገልብጠው በሰርቨሩ ላይ በአልማዝ ስም እንዲህ ያድርጉ፦

ኤምኬዲር -ፒ ~/.ኤስኤስኤች
ናኖ ~/.ኤስኤስኤች/ኦተራይዝድ_ኪይስ

የ~ ምልክት የአልማዝ የራሷ ፎልደር ማለት ነው፣ ናኖ ደግሞ የጽሑፍ ማረሚያ ነው። መስመሩን ይለጥፉት፤ ከዚያ ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር፣ በመጨረሻ ኮንትሮልና ኤክስ ተጭነው ይውጡ። ቁልፉ በአንድ መስመር ላይ መቆየት አለበት፤ በመሐሉ ወደ ታች ከተሰበረ አይሠራም። ቀጥሎ ፈቃዶቹን ያጥብቁ፦

ሲኤችሞድ 700 ~/.ኤስኤስኤች
ሲኤችሞድ 600 ~/.ኤስኤስኤች/ኦተራይዝድ_ኪይስ

ሰርቨሩ እነዚህን ፋይሎች ሌላ ሰው ሊጽፍባቸው የሚችል ሆነው ካገኛቸው ቁልፉ ትክክል ቢሆንም ዝም ብሎ ይተወዋል፤ ቁልፌ ለምን አይሠራም የሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ፋይሉን በሩት ሆነው ፈጥረውት ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሩት ሆኖ ይቀራል፦ ሱዶ ሲኤችኦን -አር አልማዝ፡አልማዝ /ሆም/አልማዝ/.ኤስኤስኤች ብለው ይመልሱት፤ አር ትልቁ ነው፣ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለውም የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ እንጂ የአማርኛው አይደለም።

በአዲስ መስኮት ገብተው ይሞክሩ። የሚጠየቁት የቁልፉን የይለፍ ሐረግ ከሆነ ቁልፉ ሠርቷል፤ የአልማዝን የይለፍ ቃል ከጠየቀ አልሠራም። በዚህ ጊዜ ኤስኤስኤች -ቪ ብለው ይግቡ፤ የትኛውን ቁልፍ እንዳቀረበና ሰርቨሩ ምን እንደመለሰ መስመር በመስመር ያሳያል።

5. ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው እንዳይጠፋ

በኤስኤስኤች የጀመሩት ፕሮግራም ከመስኮቱ ጋር የታሰረ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ፕሮግራሙም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሞታል። የማሻሻያ ሥራ እየተካሄደ ሳለ ይህ ቢሆን ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሰርቨር ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ የሚጠፋበት ቤት ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ሰው ከዚህ በኋላ ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ፣ መስመሩ ቢቋረጥም ሥራውን ሰርቨሩ ላይ በሚያስቀጥለው ፕሮግራም በቲማክስ ውስጥ ያድርግ፦

ቲማክስ ኒው -ኤስ ሜንት

የተጻፈው ስም የመስኮቱ መጠሪያ ነው፤ የፈለጉትን አጭር ስም ይስጡት። ከታች አረንጓዴ መስመር ሲያዩ ውስጥ ነዎት። ኮንትሮልና ቢ ተጭነው ለቅቀው፣ ከዚያ ዲ ብቻ ቢጫኑ ሥራው እየቀጠለ ይወጣሉ። መስመሩ ከተቋረጠብዎት ደግሞ እንደገና ወደ ሰርቨሩ ገብተው ይህን ይበሉ፦

ቲማክስ አታች -ቲ ሜንት

ትተውት በሄዱበት ቦታ ያገኙታል። ስሙን ከረሱ ቲማክስ ኤልኤስ ይዘረዝርልዎታል። ሰርቨሩ ራሱ ዳግም ከተነሣ ግን ቲማክስም አብሮ ይጠፋል።

መስኮቱ ደርቆ ምንም አልቀበል ካለ መጀመሪያ ኮንትሮልና ኪው ይጫኑ፤ ሳያውቁት ኮንትሮልና ኤስ ተጭነው ማያውን አቁመውት ሊሆን ይችላል። ካልተነሣ ኢንተር፣ ከዚያ የ~ ምልክት፣ ከዚያ ነጥብ በተራ ይጫኑ፤ የሞተው ግንኙነት ይዘጋል፣ የቲማክሱ ሥራ ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል።

አሁን በቲማክስ ውስጥ ሆነው ሱዶ አፕት አፕዴት፣ ቀጥሎም ሱዶ አፕት አፕግሬድ ይበሉ። በመሐል የማስተካከያ ፋይል ስለ መቀየር ከጠየቀዎት ያለውን ማስቀረት የሚለውን ይምረጡ።

6. በይለፍ ቃል መግባትን መዝጋት

ሰው ራሱን ውጭ የሚቆልፈው በዚህ ደረጃ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ አዲሱ በር መከፈቱን በሌላ መስኮት ሳያረጋግጡ አሁን የገቡበትን መስኮት አይዝጉ። የተከፈተ ግንኙነት የኤስኤስኤች ማስተካከያ ቢቀየርም አይቋረጥም፤ ስለዚህ ያ መስኮት ክፍት እስካለ ድረስ የተሳሳቱትን ሁሉ መመለስ ይችላሉ።

ብዙ መመሪያዎች ዋናውን የማስተካከያ ፋይል አርሙ ይላሉ። በኡቡንቱ ይህ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ዋናው ፋይል ገና ከመጀመሪያው ሌሎች ፋይሎችን ከአንድ ፎልደር አስገብቶ ያነባል፣ ኤስኤስኤችም ለአንድ ጉዳይ መጀመሪያ ያገኘውን ቃል ይዞ የኋለኛውን ይተዋል። በዚያ ፎልደር ውስጥ ደግሞ አከራዩ ያስቀመጠው፣ ስሙ በ50 የሚጀምር፣ የይለፍ ቃልን የሚፈቅድ ፋይል ሊኖር ይችላል። ሰዎች በሩን ዘጋሁ ብለው ክፍት ትተውት የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በ00 የሚጀምር የራስዎን ፋይል ይፍጠሩ፦

ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኤስኤስኤችዲ_ኮንፊግ.ዲ/00-ማይን.ኮንፍ

ውስጡ ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉ፤ የእያንዳንዱ የመጀመሪያ ቃል ያለ ክፍት ቦታ ተያይዞ ይጻፋል፦

ፓስወርድኦተንቲኬሽን ኖ
ፐርሚትሩትሎጊን ኖ

አገልግሎቱን ከመንካትዎ በፊት ሱዶ ኤስኤስኤችዲ -ቲ ብለው ያስመርምሩት። ምንም ካልመለሰ ደኅና ነው፤ ስሕተት ካለ የመስመሩን ቁጥር ይነግርዎታል። ከዚያ፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ኤስኤስኤች

ሱዶ ኤስኤስኤችዲ -ቲ የሚለውን አሁን በትልቁ ቲ ይድገሙት፤ በሥራ ላይ ያለውን ማስተካከያ ሁሉ ይዘረዝራል፣ ከመካከሉ የፓስወርዱ መስመር ኖ ማለቱን ይፈልጉ። ቀጥሎ በአዲስ መስኮት በአልማዝ ስም ይግቡ። ከገቡ፣ በሦስተኛ መስኮት በሩት ለመግባት ይሞክሩ፤ ፐርሚሽን ዲናይድ ሊልዎት ይገባል። ሁለቱም እንደተባለው ከሆኑ አሮጌውን መስኮት ይዝጉ። አልማዝ መግባት ካቃታት ግን በአሮጌው መስኮት የፈጠሩትን ፋይል አጥፍተው ሪሎዱን ይድገሙና ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። መስኮቱን አስቀድመው ዘግተውት ከሆነ የቀረዎት ያ የጓሮ በር ነው፤ በኮንሶል በአልማዝ የይለፍ ቃል ይግቡ፤ ኮንሶሉ ኤስኤስኤችን ስለማያውቅ ይፈቅድልዎታል።

7. ፋየርዎል

መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ማብራት ነው፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት በሩ ይዘጋል።

ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው 22/ቲሲፒ

የድረ ገጽ ሰርቨር ከሆነ 80/ቲሲፒ እና 443/ቲሲፒ ንም በተመሳሳይ መንገድ ይፍቀዱ። ከማብራትዎ በፊት ገመድ ይታጠቁ። በቲማክስ ውስጥ ኮንትሮልና ቢ፣ ቀጥሎ ሲ ተጭነው አዲስ ገጽ ይክፈቱና ሱዶ -አይ ብለው ሩት ይሁኑ፤ ከዚያ ይህን ያስነሡ፦

ስሊፕ 300 && ዩኤፍደብሊው ዲስኤብል

ይህ 5 ደቂቃ ጠብቆ ፋየርዎሉን በራሱ ያጠፋዋል። ኮንትሮልና ቢ፣ ቀጥሎ ኤን ተጭነው ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሱና ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል ይበሉ። ወዲያው በአዲስ መስኮት ለመግባት ይሞክሩ። ከገቡ ወደ ጠባቂው ገጽ ሄደው ኮንትሮልና ሲ በመጫን ያስቁሙት። ካልገቡ ምንም አያድርጉ፤ 5 ደቂቃው ሲሞላ በሩ ይከፈታል።

ሁለት ነገር ያስታውሱ። ብዙ አከራዮች በድረ ገጻቸው ላይ ሌላ ፋየርዎል አላቸው፤ እዚህ ፈቅደው እዚያ ከተዘጋ ታይምድ አውት ይልዎታል። ዶከር (ፕሮግራሞችን በየሳጥናቸው ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ዶከር የሚከፍታቸው ፖርቶች ይህን ፋየርዎል አልፈው ለዓለም ሁሉ ይታያሉ።

8. ፋይል ማመላለስ

ከሁሉ የሚሻለው አርሲንክ ነው፤ መስመር ቢቋረጥ ሲደግሙት ቀድሞ ያለፉትን ፋይሎች ትቶ ከቀሩት ይቀጥላል፤ ዳታ በሚቆጠርበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ሆነው፦

አርሲንክ -ኤቪኤን ሳይት/ አልማዝ@203.0.113.10፡ሳይት/

ኤን የምትለዋ ፊደል ለሙከራ ብቻ ናት፤ ምን ሊላክ እንደሆነ ያሳያል እንጂ ምንም አይልክም። ዝርዝሩ ትክክል ከሆነ ኤንን አውጥተው ይድገሙት። እዚህም ሁለት ነጥቡ የእንግሊዝኛው ነው። ሳይት/ ብለው በ/ ምልክት ከጨረሱ በፎልደሩ ውስጥ ያለው ይላካል፤ ያለ ምልክቱ ከጻፉ ፎልደሩ ራሱ ይላክና ሳይት ውስጥ ሌላ ሳይት ይፈጠራል።

9. አገልግሎት ሲቆም

ዳግም ለማስነሣት አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ለምን እንደቆመ ያንብቡ። የኤንጂንኤክስ (የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም) ምሳሌ፦

ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ኤንጂንኤክስ
ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ዩ ኤንጂንኤክስ -ኤን 50

ሁለተኛው የአገልግሎቱን የመጨረሻ 50 የሎግ (የክንውን መዝገብ) መስመሮች ያወጣል። ዲስክ ላይ ቦታ የለም የሚል ካዩ ዲኤፍ -ኤች የትኛው ክፍል እንደሞላ ያሳያል። 100 ከመቶ ከሆነ ሱዶ ዲዩ -ኤክስኤች --ማክስ-ዴፕዝ=1 / በማለት የትኛው ፎልደር እንደከበደ ይለዩ። ሎግ ከሆነ ፋይሎቹን በእጅ አያጥፉ፦

ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=200ኤም

ኤም ትልቁ ነው። ትልቅ ፋይል አጥፍተው ሳለ ቦታው ካልተለቀቀ ፋይሉን አሁንም የያዘ ፕሮግራም አለ፤ ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1 ስሙን ይነግርዎታል፤ ኤል ትልቁ ነው። ያንን አገልግሎት ሪስታርት ሲያደርጉት ቦታው ይለቀቃል። ቦታ እያለ ቦታ የለም ካለ ደግሞ ዲኤፍ -አይ ይሞክሩ፤ ያለቀው የፋይል ብዛት ነው።

10. ሰዓት የተመደበለት ሥራ

አብዛኛው የኪራይ ሰርቨር የሚሠራው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ 3 ሰዓት ይቀድማል። በላዩ የእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሚነሣ ስሕተቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። እኔ ራሴ ባክአፕ ምሽት 2 ሰዓት እንዲነሣ ፈልጌ በክሮን (ሥራን በተመደበለት ሰዓት በሚያስነሣው ፕሮግራም) ላይ 2 ብዬ ጽፌ ነበር፤ የተነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ይሰላል፦ ምሽት 2 ሰዓት በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር 20 ነው፣ 3 ሲቀነስ 17።

ክሮንታብ -ኢ ብለው ይክፈቱና ይጻፉ፦

0 17 * * * /ሆም/አልማዝ/ባክአፕ.ኤስኤች >> /ሆም/አልማዝ/ባክአፕ.ሎግ 2>&1

የመጨረሻው ክፍል ፕሮግራሙ የሚናገረውን ሁሉ፣ ስሕተቱንም ጭምር፣ በሎግ ፋይል ያስቀምጣል፤ ከተዉት ክሮን ሲሳነው አይሰሙም። መንገዶቹን ከ/ ጀምረው ሙሉ አድርገው ይጻፉ፤ በእጅ ሲነሣ የሚሠራ ነገር በክሮን የማይሠራው አብዛኛውን ጊዜ በአጭር የተጻፈ መንገድ ምክንያት ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆነው የሚያስተዳድሩ ከሆነ የእርስዎ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ሲቀየር የሰርቨሩ አይቀየርም፤ ቁጥሩን ያኔ ያርሙት። ፋይሉን ካስቀመጡ በኋላ ዴት ብለው የሰርቨሩን ሰዓት ይመልከቱ፤ ለሙከራም ከዚያ 3 ደቂቃ በኋላ የሚደርስ ሰዓት መድበው ሎጉ መፈጠሩን ሲያዩ ወደ 0 17 ይመልሱት።